ብርድ የሚፈራው ራውተሬ

ጥያቄውን አንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ የለጠፍኩት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ግድም፣ በስልኬ ዳታ። ዋይፋዩ እምቢ ብሎኝ ነበር። ሥራዬ ከቤት ነው፣ ትርጉም እሠራለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ማስረከብ ያለብኝ ፋይል ኮምፒውተሬ ውስጥ ተቀምጧል፣ እኔ ራውተር አስታምማለሁ።

የጻፍኩት ይህን ነው። ራውተሬ አምስት ዓመቱ ነው። ከተነሳ ቀኑን ሙሉ ምንም አይለውም። ሌሊት መብራት ከሄደ ግን ጠዋት አይነሳም። መብራቶቹ ብልጭ ይላሉ፣ ይጠፋሉ፣ እንደገና ብልጭ ይላሉ። እንዲህ እያለ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አንድ ቀን ሲያናድደኝ የፀጉር ማድረቂያ አምጥቼ ሁለት ደቂቃ ሙቅ አየር ነፋሁበት። ተነሳ! በማግስቱም እንደዚያው። ወደ ፋብሪካው መቼት መልሼዋለሁ፣ ሶፍትዌሩንም አድሻለሁ፤ ለውጥ የለም። ጥገና ቤት ወስጄው ነበር። ጠጋኙ የአዳፕተሩን ጫፍ በቴስተር ነክቶ 12.1 ቮልት አሳየኝ። አዳፕተሩ ጤነኛ ነው፣ የሞተው ቦርዱ ነው፣ አዲስ ራውተር ይገዛ ብሎ ሸኘኝ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ዕቃ ብርድ ይፈራል ወይ?

መልስ 1 ለመምጣት አራት ደቂቃ አልፈጀበትም። ጋቢ እንዳለብሰው መከረኝ። ብዙ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ይደረግ።

መልስ 2 ቁም ነገረኛ ነበር። ችግሩ ጥያቄዬን አላነበበውም። ከኋላ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ተጭኜ ወደ ፋብሪካው መቼት እንድመልሰው፣ ከዚያም ሶፍትዌሩን እንዳድስ ነገረኝ። ሁለቱንም አድርጌያለሁ፤ ጽፌዋለሁም። ደግሞ ወንድሜ ብሎ ነው የጀመረው። ከሱ በኋላ የመጡትም አብዛኞቹ ወንድሜ፣ ብሮ እያሉኝ ቀጠሉ። የፀጉር ማድረቂያ የሚለውን አንብቦ የጠረጠረ አልነበረም። አላረምኳቸውም። እስከ የት ይሄዳሉ ብዬ ዝም አልኩ።

ነገሩን ነገር ያደረገው መልስ 3 ነው። ጸሐፊው ፒያሳ ዕድሜ ልካቸውን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ኋላ ሁሉም ጋሼ ይላቸው ጀመር፣ እኔም እንዲሁ ልጥራቸው። እሳቸው ልጄ ብለው ነው የጻፉልኝ። ልጄ ደግሞ ለሴትም ለወንድም ይሆናል፣ ስለዚህ አልተሳሳቱም። ምክር አልሰጡኝም። አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ ሙቁ አየር የነካው ራውተሩን ነው ወይስ አዳፕተሩን?

አስቤው አላውቅም። ራውተሩ መስኮቱ ሥር መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። አዳፕተሩ ከበታቹ ዲቫይደሩ ላይ ተሰክቷል። እኔ ቆሜ ስነፋ አየሩ ሁለቱንም ያገኛቸዋል። ጋሼ ሌሊቱን ነቅዬ እንዳሳድረውና ጠዋት አንድ አንዱን ለየብቻ እንዳሞቅ ነገሩኝ።

መልስ 4 የኔ ነው። በማግስቱ ጠዋት የገባ። ራውተሩን ብቻ ሦስት ደቂቃ አሞቅኩት፤ ምንም። ያው ብልጭ ጥፍት። አዳፕተሩን ነቅዬ ለብቻው አሞቅኩትና መልሼ ሰካሁት። መብራቶቹ በተራ በተራ በሩ፣ የኢንተርኔቷም አረንጓዴ ሆነች። ብርድ የሚፈራው ራውተሩ አልነበረም።

መልስ 5 ረጅም ነው። ኤሌክትሪካል ምህንድስና የሚማር ልጅ ነው የጻፈው፣ ግማሹ ከክፍል ደብተሩ የተገለበጠ ይመስላል። ግን አንድ ምሳሌ አምጥቶ ገላገለኝ። የውሃ ሮቶ። አዳፕተር ከሶኬት የሚገባውን 220 ቮልት ቆራርጦ ወደ 12 ያወርዳል። የሚወርደው ግን ፈሰስ ቆም፣ ፈሰስ ቆም እያለ ነው። አዳፕተሩ ውስጥ ያለው ካፓሲተር የሚባል ክፍል እንደ ሮቶ ያጠራቅምና አስተካክሎ ይለቃል። ካፓሲተሩ ውስጥ ሁለት የአልሙኒየም ቅጠሎች አሉ። በመሀላቸው ፈሳሽ የጠጣ ወረቀት አለ። ሁሉም ተጠቅልሎ በቆርቆሮ ቆብ ይታሸጋል። ዓመታት ሲያልፉ ፈሳሹ ይደርቃል። ያኔ ሮቶው ውሃ መያዙ ያንሳል፣ ከዚህ የባሰው ደግሞ መውጫ ቧንቧው ደለል እንደሞላው ይሆናል። ማንም ቧንቧ ሳይከፍት ብታየው ሮቶው ሙሉ ነው። ስትከፍተው ግን ጠብ ጠብ። የጥገና ቤቱ ቴስተር ያነበበው 12.1 ማንም ያልከፈተውን ሮቶ ነው። ብርዱስ? የተረፈችው ፈሳሽ ስትቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሟ ይወርዳል፣ ቧንቧው ይብስ ይጠባል። ስትሞቅ ትንሽ ይከፈታል። አንዴ ከተነሳ በኋላ አዳፕተሩ በራሱ ሙቀት ይቆያል። መብራት እስኪሄድ ድረስ ማለት ነው።

ይህን ሳነብ ሮቶዬን አስታወስኩ። እሱም ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ነው፣ ግን ያ ሌላ ወሬ ነው።

መልስ 6 ቱግ ያለ ሰው ነው። ለአንድ አዳፕተር ይህ ሁሉ ፍልስፍና ምን ያደርጋል አለ። 12 ቮልት 1 አምፔር የሌለው ሱቅ የለም፣ ገዝቶ መገላገል ነው። ጊዜ የተረፈው ሰው ብቻ ነው ካፓሲተር የሚመረምረው። እውነቱን ለመናገር ንግግሩ ከበደኝ እንጂ ሐሳቡ ስህተት አልነበረም። መልስ 7 ላይ የነገርኩት ግን፣ ከሁለት ዓመት በፊት ያንኑ አድርጌ ነበር። የገዛሁት አዳፕተር ላዩ ላይ 2 አምፔር ይላል፤ ሲይዙት ባዶ የክብሪት ሳጥን ነው። ሁለት ወር ሠርቶ ዝም አለ። አሮጌውን መልሼ ሰካሁ። አሮጌው ቢያንስ ይከብዳል።

ከዚህ በኋላ ወሬው አገር ለቆ ወጣ። መልስ 8 ከሪያድ ነው። እሱ የሚሠራበት ሕንፃ ላይ ራውተሮቹ ጣሪያ ሥር በብረት ሣጥን ተቆልፎባቸዋል። ያለማቋረጥ አዳፕተር ሲቀይር ነው የሚውለው። እዚያ ጠላቱ ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነው። ብርዱ በሽታውን ያሳየናል እንጂ አያመጣውም፣ ገዳዩ ሙቀት ነው አለ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ወደድኳት። ስሌትም አመጣ። ካፓሲተሩ ላይ 105 ዲግሪ ተጽፎ፣ አምራቹ 2,000 ሰዓት ብሎ ከሰጠው፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል። 65 ዲግሪ ላይ 32,000 ሰዓት ይደርሳል። ብዙ ይመስላል። ራውተር ግን ሌት ተቀን ተሰክቶ ነው የሚኖረው፣ ሲካፈል ሦስት ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። 55 ላይ ቢውል ሰባት ዓመት ያልፍ ነበር።

መልስ 9 አልተቀበለውም። 105 ተብሎ ከተጻፈ እስከ 105 ድረስ ምንም አይነካውም ማለት ነው ሲል ተከራከረ። ተማሪው በመልስ 10 አረመው፣ ያውም በትህትና። ቁጥሩ የሚናገረው በዚያ ሙቀት ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ነው እንጂ ዘላለም መኖርን አይደለም። መልስ 9 አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ሙቀት ቶሎ አይወስድም ያለው ግን ልክ መሆኑን አመነለት። የከተማዋ ብርድ ያካክሰዋል ብሎ ጨመረ። ዲቫይደሩን ከሶፋ ጀርባ መጋረጃ ሥር የሚወሽቅ ሰው ግን ከፍታውንም ብርዱንም እንዳያመካኝ አለ። የኔን ዲቫይደር አየሁት። መጋረጃው እላዩ ላይ ነው።

መልስ 11 ከቨርጂኒያ የመጣ የድሮ ትዝታ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ የቢሮ ኮምፒውተር ይጠግን ነበር። ክዳኑን ሲከፍት ካፓሲተሮቹ አናታቸው እንደ ድፎ ዳቦ ኩፍ ብሎ፣ የአንዳንዶቹም ቡናማ ፈሳሽ ቦርዱ ላይ ፈሶ ያገኘው ነበር። ዴል ኦፕቲፕሌክስ የሚባሉትን ኮምፒውተሮቹን ለማስጠገንና ለመተካት በ2005 300 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መያዙን አስታወሰ። ምክንያቱንም ነገረን። የፈሳሹ ቀመር ከአንድ የጃፓን ኩባንያ ተሰርቆ፣ ሲገለበጥ ግማሹ ቀርቶ ነው አለ።

መልስ 12 መጀመሪያ 2005 የኛ ነው የነሱ ብሎ ጠየቀ። ለኛ ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የነሱ ነው። ቀጥሎ ግን ጠንከር አለ። የስርቆቱን ታሪክ የጊዜው ጋዜጦች ጽፈውታል፣ ሆኖም የተረጋገጠ ነገር አይደለም። የታወቀው ሌላ ነው። ፈሳሹ ውስጥ ውሃ በዝቶ ነበር፣ ውሃው አልሙኒየሙን እንዳይበላ የሚከላከለው ቅመም ደግሞ ጎድሏል። ሃይድሮጅን ጋዝ ይፈጠራል፣ ቆቡን ያሳብጠዋል። አናቱ ላይ የምናያት የመስቀል ጭረትም ለዚህ ነው የተሠራችው፤ ከሚፈነዳ በጭረቷ ይተንፍስ ተብሎ። ያ ሁሉ የሃያ ዓመት ወሬ ነው፣ የአምስት ዓመት አዳፕተር ላይ መለጠፍ አያስፈልግም አለ። የቨርጂኒያው ሰው ቅር አለው መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። እኔ ግን ታሪኩን ስለነገረን አመሰግነዋለሁ።

መልስ 13 የኔትወርክ ዕቃ የሚያመርተውን ሲስኮንም ጨመረበት። የሲስኮ ዕቃዎች እ.ኤ.አ. በ2017 በጅምላ ሊሞቱ ነው የተባለው በካፓሲተር ምክንያት ነው አለ፣ እርግጠኛ ሆኖ። መልስ 14 ውሸት ነው ብሎ ጀመረ። ያኔ የተነገረው የሰዓት ምልክት የምታመነጭ ክፍል ጉዳይ ነው። ነገሩ የተያያዘው ኢንቴል አተም ሲ2000 ከሚባለው ፕሮሰሰር ጋር ነው። ከ18 ወር ገደማ በኋላ መበላሸት ሊጀምር ይችላል ተብሎ ከኩባንያው ማስታወቂያ ወጥቷል። ካፓሲተር ብትቀይር ምንም አታመጣም። እርማቱ ልክ ነው፣ አነጋገሩ ግን ጥፊ ነበር። መልስ 13 እዚያ ትሠራለህ ወይ ብሎ ተነሳበት። እስከ 17 ድረስ ያለው የሁለቱ ጠብ ነው። አልደግመውም።

ጋሼ በመልስ 18 ገብተው ጠቡን አንድም ቃል ሳያነሱ ወደ አዳፕተሩ መለሱን። አዳፕተሩ መድከሙን ሳንከፍተው ማወቅ እንደሚቻል ነገሩን። አንድ ሸክም ማሸከም ነው። ሸክም ይዞ 12 ቮልት ካልቆመ ሌላ ምርመራ አያሻም።

ሸክሙን ያመጣው መልስ 19 ነው። አዳማ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ልጅ። እነሱ ጋ ሸክም ማለት አምፖል ነው፤ የፍሬቻ አምፖል በሁለት ሽቦ ይዞ አዳፕተሩ ጫፍ ላይ ማገናኘት፣ በዚያው ቅጽበት በቴስተር ማንበብ። በጣም ወደድኩት። ተማሪው ግን መልስ 20 ላይ አንድ ነገር ያዘ። የመኪና ፍሬቻ 21 ዋት ነው። 21ን ለ12 ስናካፍል 1.75 አምፔር። የኔ አዳፕተር 1 አምፔር ነው፣ ጤነኛም ቢሆን ይወድቃል፣ ያለ ጥፋቱ ይፈረድበታል። 10 ዋት የሚለውን የሞተር ሳይክል ፍሬቻ ልውሰድ፤ እሱ 0.8 አምፔር ግድም ነው። አምፖል ገና ቀዝቃዛ ሳለ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ፣ መጀመሪያ አንዴ ብልጭ ቢል እንዳልደነግጥም ጨመረ። የአዳማው ልጅ አልተቀየመም። ትክክል ነህ፣ እኛ ከባትሪ ጋር ስለምንሠራ አናስበውም ብሎ አለፈ። በዚህ ውይይት ውስጥ የታረመ ሰው ራሱ ትክክል ነህ ሲል ያየሁት ያኔ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

አምፖሉን ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። ሻጩ ለየትኛው ሞተር ነው ሲለኝ ለራውተር ልለው አልኩና ተውኩት። መልስ 21 ላይ ውጤቱን ጻፍኩ። ሌሊቱን ነቅዬ፣ ጠዋት በብርዱ። ያለ አምፖል 12.1፣ ያቺው ቁጥር። አምፖሉን ሳገናኝ ክሩ ቀላ፣ ደከመ፣ ቀላ፣ ደከመ። ልክ ራውተሩ እንደሚያደርገው። ቴስተሩ 7 እና 8 መሀል ይዘላል። አዳፕተሩን አሙቄ ደገምኩ። አምፖሉ ቦግ አለ፣ 11.6። ያቺን አምፖል እያየሁ ጥገና ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያየሁት 12.1 ትዝ አለኝ። ጠጋኙ አልዋሸኝም፣ ቴስተሩም አልዋሸም። ማንም ቧንቧውን አልከፈተም፣ ያ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ መክፈት መጣ። ጠንካራ ቃል የተነገረውም እዚህ ጋ ነው። መልስ 22 አዳፕተሩ በሙጫ ስለታሸገ መጋጠሚያውን ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያልኩ እንድመታ አስተማረኝ። ጥሩ። መልስ 23 ከተከፈተ በኋላ የትልቁን ካፓሲተር ሁለት እግር በጠመንጃ መፍቻ አገናኝቶ ብልጭታውን ማየት ነው፣ እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው አለ።

ጋሼ በመልስ 24 ሌላ ሰው ሆነው መጡ። እስከዚያ ድረስ ማንንም አንተ ብለው ያልተናገሩ ሰው፣ አንተ ብለው ጀመሩ። በሶኬቱ በኩል ያለው ካፓሲተር 220 ሳይሆን 310 ቮልት ይዞ ይቀመጣል። ተነቅሎም ሊይዝ ይችላል። መፍቻው ቢያዳልጥ እጅ ነው። የብልጭታው ፍንጣሪ ዓይን ውስጥ ቢገባስ? አንተ ሁልጊዜ ስለተረፍክ ሰው ላይ አትሞክር አሉት። ራሳቸው በወጣትነታቸው የቴሌቪዥን ካፓሲተር እንደመታቸውና ክርናቸው ከጀርባቸው ያለውን መስታወት እንደሰበረ ጻፉ። ትክክለኛውን መንገድም አሳዩ። ነቅሎ መቆየት። ከዚያ የድሮውን ባለ ክር 40 ዋት የቤት አምፖል በሁለት የተሸፈነ ሽቦ ይዞ እግሮቹ ላይ ማሳረፍ፣ በቴስተር ዜሮ መድረሱን ማየት። በሁለቱ ወገን መሀል የተቀመጠችውን ሰማያዊ ጠፍጣፋ ካፓሲተር በፍጹም እንዳልነካ አስጠነቀቁ። እሷ የደህንነት ናት። በቦታዋ ተራ ካፓሲተር ከገባ አንድ ቀን የሶኬቱ ኤሌክትሪክ ራውተሩ ድረስ ሊሻገር ይችላል። መልስ 23 ይቅርታ ጠየቀ። ከልቡ ይመስለኛል።

ስለ መግዛቱ 25 እና 26 ተከራከሩ። አንዱ ምናለሽ ተራ ከወደቀ የኮምፒውተር ቦርድ ላይ በነፃ በሚባል ዋጋ ነቅለህ ውሰድ አለ። ሌላው እሱም ያረጀ ነው፣ በደረቀ ሮቶ የደረቀ ሮቶ መተካት ነው አለ። ደግሞም የኮምፒውተር ቦርድ ላይ ያሉት ብዙዎቹ 6.3 ቮልት ናቸው፣ 12 ላይ ሲገቡ ይፈነዳሉ። ይህን ባላነብ ኖሮ ልወስድ ነበር። ምክሩ ሲጨመቅ ይህን ይመስላል። ማይክሮፋራዱ፣ ማለትም የሮቶው የመያዝ መጠን፣ ያው ይሁን። ቮልቱ ያው ወይም ከፍ ያለ፣ ሳጥኑ ውስጥ ቁመቱ ከቻለ። 105 ዲግሪ፣ ለዚህ ዓይነት አዳፕተር የሚሠራው ዝቅተኛ የውስጥ ተቃውሞ ያለው፣ ማለትም መውጫ ቧንቧው ሰፊ የሆነ ዓይነት። ገበያ ላይ ትልቅ ቆብ ለብሶ ውስጡ ትንሽ ካፓሲተር የሆነ ማጭበርበሪያ ስላለ፣ እዚያው ሱቁ ላይ በቴስተር ይለካ።

መልስ 27 የኔ ኦፕሬሽን ነው። መዶሻ ስላልነበረኝ ዘነዘና በጨርቅ ጠቅልዬ መጋጠሚያውን ዞርኩት። አራተኛው ምት ላይ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። አምፖሉን አሳረፍኩ፣ ዜሮ። መውጫው በኩል ሁለት 470 ማይክሮፋራድ፣ 16 ቮልት ካፓሲተሮች ጎን ለጎን ቆመዋል። አናታቸው ልሙጥ ነው። ኩፍ ያለ ነገር የለም! ትንሽ ተስፋ ቆረጥኩ። በባትሪ ጠጋ ብዬ ሳይ ግን አንደኛው ዘመም ብሏል። ከሥሩ ያለው ላስቲክ ወደ ውጭ ተገፍቶ ቆቡን ከቦርዱ አንስቶታል። በላይ ሳይሆን በሥሩ ነው ያበጠው። ነቅዬ ለካሁት፣ 58 ማይክሮፋራድ። ከ470!

የመበየጃውን ካውያ የተዋስኩት ሠፈራችን ካለ ሞባይል ጠጋኝ ነው። እግሮቹን ቦርዱ ላይ የያዘውን አሮጌ የመበየጃ ሊድ ለማቅለጥ አዲስ ሊድ ጨምሪበት ያለኝ እሱ ነው፤ ያለዚያ እምቢ ይላል። ግራጫ መስመሯ ያለችበት እግር ነጌቲቭ ናት። ሳልነቅል ፎቶ ባላነሳ ገልብጬ እከተው ነበር፣ ምክንያቱም ቦርዱን ስገለብጠው ቀኝና ግራው ጠፋኝ። ሁለቱንም ቀየርኩ። ጋሼ ባሉኝ መሠረት ከቺፑ አጠገብ ያለችውን ትንሿን 22 ማይክሮፋራድ፣ 50 ቮልትም ጨመርኩ። እሷ ስትደክምም አዳፕተሩ ጠዋት ለመነሳት ይንገዳገዳል። ለሦስቱ የከፈልኩት ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይበልጥም። ሳጥኑን ገጥሜ ዙሪያውን አጣበቅኩ። ከዚያ መጀመሪያ አምፖሉ፦ 11.9፣ ንቅንቅ የለም። ሌሊቱን መስኮቱ ላይ አሳደርኩት፣ ሆን ብዬ። ጠዋት ስሰካው በመጀመሪያው ተነሳ።

ፎቶ አያይዤ ነበር። ፎቶው ላይ ካፓሲተሩን የያዘው ጣቴ አለ፣ ጥፍሩ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። የአስተያየቱን ለውጥ ማየት ነበር! ወንድሜ ሁሉ በአንድ ጊዜ እህቴ ሆነ። መልስ 2 ራሱ ተመልሶ መጣ፣ እህቴ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያም ለማንኛውም ወደ ፋብሪካው መቼት መመለሱን እንዳልረሳ አሳሰበኝ።

መልስ 28 ከፎቶው ላይ እኔ ያላየሁትን አየ። በካፓሲተሮቹ መሀል ያለው ቡናማ ነገር ካፓሲተሩ የተፋው ፈሳሽ አይደለም። ፋብሪካው እንዳይነቃነቅ የቀባው ሙጫ ነው። አዲስ ሲሆን ቢጫ ነው፤ ሲሞቅና ሲያረጅ ይጠቁራል። አንዳንዱ ዓይነት ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል፣ የሽቦ እግርም ይበላል። ፍቀሽ አውጪው አለኝ። እንደገና ዘነዘና።

መልስ 29 ያ ቱግ ያለው መልስ 6 ነው። ስድስት ቀን አለ። ስድስት ቀን ለአንድ አዳፕተር። እኔ የምከፈለው በሰዓት ቢሆን ብሎ ስሌት ሠራልኝ። ስሌቱ ልክ ነው፣ ከስሬያለሁ። አልተከራከርኩትም። አምፖሏ ግን አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ናት።

ከዚያ መልስ 30 መጣች። ደብረ ብርሃን የአንድ ትንሽ ቢሮ ጸሐፊ ናት። ሦስት ራውተር አላቸው። ሦስቱም ጠዋት አይነሱም። ዘበኛው ሁልጊዜ ከነአዳፕተራቸው ወስዶ ምድጃው አጠገብ ያሞቃቸዋል። እሷ እስከ ዛሬ ዘበኛው ዘዴ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ ነው የምትለው። ቢሮው ደግሞ አዲስ ሦስት ራውተር ሊገዛ ደብዳቤ ጽፏል። አምፖሉን የት ታገኛለች?

የአዳማው ልጅ ማንኛውም ባጃጅ ጠጋኝ ጋ እንዳለ ነገራት፣ ዋቱን አንብባ እንድትገዛ አስጠነቀቃት። በሁለተኛው ቀን ተመለሰች። ከሦስቱ አዳፕተሮች ሁለቱ አምፖሉን ሲያዩ ወደቁ፤ አንዱ 6፣ አንዱ 8 ግድም። ሦስተኛው ግን 11.8 ይዞ ቆመ። በሱ የተሰካው ራውተር አሁንም አይነሳም። ጋሼ እዚያኛው ላይ ችግሩ ራውተሩ ውስጥ መሆኑን ጻፉላት። ከአዳፕተር የሚመጣው ሽቦ ከሚገባበት ቀዳዳ ጎን፣ ቦርዱ ላይ የቆመች ካፓሲተር አለች፣ 25 ቮልት ትላለች አብዛኛውን ጊዜ። አናቷን ብቻ ሳይሆን ሥሯንም እያት አሏት።

ፎቶ ላከች። ቦርዱ ንጹሕ ነው፣ ካፓሲተሯም ቀጥ ብላ ቆማለች። ጋሼ የፀጉር ማድረቂያውን ጠባብ አፍ በካርቶን ሠርታ በመጀመሪያ ያቺን ጎን ብቻ፣ ከዚያ ሌላውን እንድታሞቅ ጠየቋት። እስካሁን አልመለሰችም። ዘበኛው ፈረቃው ነገ ነው ብላለች፣ ማድረቂያው የሚስቱ ነው።